እታገኝ መቼ ትበቃለች?

እታገኝን በዕድሜዋ ብዙ ሰው አናዷታል፤ የመምሬ ገብረ ኢየሱስን ያህል ያናደዳት ግን የለም። መምሬ የንስሐ አባቷ ናቸው። በየዓመቱ ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም ሲያዝ፣ ከቅዳሴ መልስ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር በር ላይ ይጠብቋታል።

«እሺ እታገኝ፣ ዘንድሮስ አትቆርቢም?» ይሏታል።

«ገና ነኝ አባቴ። አልበቃሁም።»

«መቼ ነው የምትበቂው?»

«እሱ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል! የማታውቂው አንቺ ነሽ» ይሉና በኽምጣኛ እያጉረመረሙ ይሄዳሉ። ኽምጣኛ የሁለቱም የእናት ቋንቋ ነውና የሚሉትን አንድ ሳይቀር ትሰማለች። ባትሰማው ይሻላት ነበር። «ይህች ሴት እግዚአብሔርን ደጅ አቁማ ቤት ትጠርጋለች» ነው የሚሉት።

እታገኝ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ቤቷ ትወርዳለች። ይህ ምን ዓይነት ቄስ ነው? ሌላው ቄስ ሕዝቡ አልጾመም፣ አልሰገደም ብሎ ያለቅሳል። የእሷ ቄስ የምትጾመውን ይቆጣል!

ቤቷ ከሰቆጣ ከተማ ዳር፣ ዳገቱ ላይ የተቀመጠች አንዲት የድንጋይ ቤት ነበረች። የምትተዳደረው ጧፍ እየሠራች ነው። ከደሃና የሚመጡ ማር ቆራጮች ሰሙን ያመጡላታል። ታቀልጠዋለች፣ በጨርቅ ታጠልለዋለች፣ ራሷ የፈተለችውን ጥጥ እየነከረች ታወጣለች፣ ሲበርድም በለሰለሰ ጣውላ ላይ እየዳመጠች ታስተካክላለች። ከሠራችው ሁሉ መጀመሪያ የወጣው የማርያም ነው፤ ገበያ የሚወጣው ከዚያ የተረፈው ነው። የጣቶቿ ጫፍ ከመቃጠሉ ብዛት ትኩስ ነገር አይሰማውም ነበር።

በጾም ነገር እሷን የሚስተካከል በሰፈሩ አልነበረም። የታዘዘውን አንድ ሳታጎድል ትጾማለች፤ ያልታዘዘውን፣ ጽጌንም ጳጉሜንም፣ ትጨምርበታለች። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲቀምስ እሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትቆያለች። ጎረቤቷ እማዋይሽ፣ ሳቂታዋ፣ ገና በስድስት ሰዓት ወደ ሰማይ ታንጋጥጥና «ኧረ ፀሐይዋስ ዘንበል ብላለች» ብላ ድስቷን ትከፍታለች። የድስቱ ክዳን ኳ ሲል እታገኝ በግድግዳው በኩል ትሰማና ደሟ ይፈላል። እኔ እዚህ አንጀቴን አስሬ፣ ይህች እዚያ ትጎርሳለች፤ ሁለታችን አንድ ገነት ልንገባ ነው? ትላለች በልቧ።

ቁርባንን ግን ትፈራዋለች። ለሕፃናትና ለበቁ ሰዎች የተሰጠ ነገር ነው ብላ ታምናለች። እስክትበቃ ድረስ ትዘጋጃለች። ለዚያ ቀን ብላ ክሩን ራሷ አቅጥና የፈተለችው፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነጠላ ነበራት። አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሰው ከልብስ ቅርጫቷ ሥር አጣጥፋ አስቀምጣው ዓመታት አልፈዋል። በየፋሲካው አውጥታ ፀሐይ ታሞቀዋለች፤ መልሳ ታጥፈዋለች።

ይህን ሁሉ የጀመረችው ባሏ ከጠፋ በኋላ ነው።

ባሏ ፈንታሁን የጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር በረሃ የሚወጣውን አሞሌ በበቅሎ እያመላለሰ ሰቆጣ ገበያ ያወርዳል። ጣልያን በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ በሠላሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ሁለቱን በቅሎዎች ነድቶ «በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ሁለት ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ። ኋላ ነጋዴዎቹ ወሬውን አመጡላት፤ ኮረም ላይ አንዲት ጠጅ ሻጭ ቤት ገብቶ ቀርቷል፣ ወፍሯል አሏት። ወፍሯል ያሉት ነገር ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት።

ጥሏት ሲሄድ ልጃቸው አገኘሁሽ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ያዛት። እታገኝ በጨው ነጋዴዎች እጅ «ልጅህ ልትሞት ነው፣ ድረስ» ብላ ላከች። መልእክቱ ደርሶታል፤ ያደረሰው ሰው መስቀል ጨብጦ ምሎላታል። ፈንታሁን ግን አልመጣም። ልጅቱን እታገኝ ከእማዋይሽና ከመምሬ ጋር ሆና ቀበረቻት። ያን ዓመት ነው ጽጌን ከሌሎቹ ጾሞች ላይ የጨመረችው። በተከታዩ ዓመት ጳጉሜን አከለችበት። ነጋዴዎች ስለ ፈንታሁን ወሬ ባመጡ ቁጥር አንድ ነገር ትጨምር ነበር።

እንዲህ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናብ ሲያካፋ አንድ የፃግብጂ ገበሬ አህያ እየነዳ ደጇ ቆመ። አህያው ላይ በስልቻ ፈንታ በቡሉኮ የተጠቀለለ ሰው ተጭኗል።

«የእታገኝ ቤት ይህ ነው?» አለ ገበሬው።

«ነው።»

«ሰውሽን ተረከቢኝ። መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቼው ነው። ባሏ ነኝ ይላል።»

ከቡሉኮው ውስጥ የሻገተ እንጀራ የመሰለ ፊት ብቅ አለ። እግሮቹ እንደ ውኃ አቁማዳ አብጠዋል። አየት አደረጋትና «እዋይ እታገኝ!» አለ፤ አነጋገሩ እንኳ ወደ ትግርኛ ዞሯል። «አረጀሽ እኮ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ቢመጣ የምትለውን ስታዘጋጅ ኖራለች። ከጧፍ ሥራ ላይ፣ ከወንዝ መንገድ ላይ፣ በቅዳሴ መካከል እንኳ ሳይቀር አሳምራ አዘጋጅታው ነበር። አሁን ሁሉም ጠፋባት።

«እርስዎም እንኳን ደህና መጡ» አለችው፤ እንደ ማታውቀው እንግዳ።

እማዋይሽ ከጓዳዋ ሮጣ ወጥታ ራሷን ያዘች። «ልታስገቢው ነው?»

«ምን ላድርገው? ደጄ ላይ ቢሞት የምቀብረው ያው እኔ ነኝ። ለነፍሴ ነው» አለች እታገኝ። እውነቷን ነው፤ ይህን የመሰለ ጽድቅ በየቀኑ ደጅ ድረስ በአህያ አይመጣም ብላ አስባለች። የበደላትን ባል አስታማ ቀበረች ይባልላታል። ምናልባት ከዚህ በኋላ ትበቃ ይሆናል።

ፈንታሁን ግን እንደሚሞት ሰው አልሆነም። መደቡ ላይ ተጋድሞ ያዝዛል። «ይህ ሽሮ ጨው የለውም» ይላል። ጨው የለውም አለ! ዕድሜውን ጨው ሲሸጥ ኖሮ ለቤቱ አንዲት አሞሌ ያላመጣ ሰው! ዓርብ ቀን ወተት ያምረዋል። እማዋይሽ ስትገባ ያስቃታል፤ እማዋይሽም የማይረባ ነገር ሲነግራት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እታገኝ ውኃ ስታሞቅ፣ እግሩን ስታጥብ፣ አልጋውን ስታነጥፍ አንድ ቃል ትጠብቃለች። «ልጄስ?» እንዲል። «መቃብሯ የት ነው?» እንዲል። አይልም። ስለ ኮረም ብርድ፣ ስለ ሞተችው ጠጅ ሻጭ ዘመዶች ክፋት፣ ስለ በቅሎዎቹ መሞት ያወራል። ስለ አገኘሁሽ ትንፍሽ አይልም።

«ምን ይሻለኛል?» አለች አንድ ቀን ለመምሬ። «ይህ ሰውዬ ልቡ ድንጋይ ነው።»

«ጠይቂው እስቲ።»

«እኔ ልጠይቀው? እሱ ነው እንጂ መጠየቅ ያለበት!»

መምሬ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ፍልሰታ በተያዘ በአራተኛው ቀን የፈንታሁን ትንፋሽ ማጠር ጀመረ። ከንፈሩ ጠቆረ። ጠዋት እታገኝ ገንፎ ይዛለት ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ቄስ ጥሪልኝ» አላት።

እውነቱን መናገር ካስፈለገ እታገኝ ደስ አላት። አሁን ያገኛታል አለች። መምሬ እንደ ሌሎች ሰዎች ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም፤ ሁሉን ፊቱ ላይ ይዘረግፉለታል። ሆኖም መንገዱን ቀስ እያለች ነው የሄደችው። ጠርታቸው ሲገቡ እሷ ወጥታ ከጣራው ጠፈፍ ሥር ሰሟን ይዛ ተቀመጠች። ላለመስማት አልነበረም የተቀመጠችው። መጀመሪያ የሰማችው ሳል ነው። ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ዝግ ያለ ድምፅ። ከዚያ ሰውየው አለቀሰ፤ እንደ ሴት፣ እንደ ሕፃን፣ ጮኾ አለቀሰ። በለቅሶው መካከል አንድ ስም ሁለት ጊዜ ጠራ። «አገኘሁሽ» አለ።

እታገኝ እጇ ላይ ያለው ፈትል ሰሙ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ሰሙም ረጋ።

መምሬ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ እየጠረጉ ወጡ።

«እሑድ እናቆርበዋለን» አሉ።

«ማንን?»

«ፈንታሁንን ነዋ።»

«አባቴ፣ ይህ ሰውዬ ያደረገውን ያውቃሉ?»

«ዛሬ እሱ ነገረኝ። ከዚያ በፊትማ አንቺ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትነግሪኝ ኖረሻል።»

«ቀኖናውስ? እኔ ከእማዋይሽ ጋር በውኃ ወረፋ ብጣላ አርባ ስግደት ሰጥተውኛል። ለእሱ ስንት ሰጡት?»

«መቀመጥ ለማይችል ሰው ምን ስግደት ልስጠው እታገኝ?»

«ታዲያ በምኑ ሊድን ነው?»

መምሬ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺስ በምንሽ ልትድኚ ነው?»

እታገኝ አፏን ከፈተች። መልሱ ብዙ ነበር፤ የቱን እንደምታስቀድም ነው የቸገራት። ጽጌው አለ፣ ጳጉሜው አለ፣ የጧፉ በኩራት አለ፣ ይህንኑ ሰውዬ ማስታመሟም አለ። መምሬ ግን ጊዜ አልሰጧትም።

«ጾም መድኃኒት ነው ልጄ። በሽተኛ መድኃኒቱን ስለ ዋጠ ሐኪሙን ደመወዝ ክፈለኝ ይላል? በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ስንት ስግደት ሰገደ? እጁም እግሩም ተቸንክሮ ነበር። አስበኝ ብቻ ነው ያለው።»

«እሱ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ነው!» አለች እታገኝ፤ ድምጿ ከፍ ብሎ የእማዋይሽ ዶሮዎች ደነገጡ። «በየቀኑ እንዲህ ከሆነማ ማን ይጾማል?»

«አየሽ? እንግዲያስ ስትጾሚ የኖርሽው ለምን ነበር?» መምሬ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። ትዕግሥታቸው አልቆ ወደ ኽምጣኛ ዞሩ። «ንገሪኝ እስቲ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጾምሽው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ በፈንታሁን ላይ?»

ይህን ሌላ ሰው ቢላት ኖሮ የሰሙን ድስት ታነሣበት ነበር። ቄስ ስለሆኑ ድስቱን ተወችው። እሳቸውም በዚህ አላበቁም። በሩን አልፈው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡና «ደግሞ ንጹሕ ነጠላ ፈልጊለት። ያ የለበሰው ቅዳሴ አይገባበትም» አሏት።

በቤቱ ውስጥ ንጹሕ ነጠላ አንድ ብቻ ነበር።

ዓርብና ቅዳሜን ስትነጫነጭ ዋለች። ከእማዋይሽ ልትዋስ ሄደች፤ የእማዋይሽ በርበሬ ተደፍቶበታል። ሁለት ቤት አልፋ ጠየቀች፤ እሑድ ሁሉም የየራሱን ይለብሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ቅርጫቱን አወጣችና ነጠላውን ከሥሩ መዝዛ ፈንታሁን ላይ ወረወረችለት። «ይኸው!» አለች። ፈንታሁን በጣቱ ዳሰሰው። ጨርቅ የሚያውቅ ነጋዴ ነውና ምን ዓይነት ፈትል እንደሆነ ገባው። «ይህን ለማን ነበር ያሠራሽው?» አላት። ቅርጫቱን ዘግታ ወጣች።

እሑድ አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሙት። መንገዱን ሁሉ እንደ ሙሽራ ግራና ቀኝ ሰላምታ ይሰጣል፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎችም «እግዚአብሔር ይማርህ» ይሉታል። እታገኝ ከኋላ ትከተላለች። በሴቶች በኩል ቆማ ሁሉን አየች። ቃሬዛውን ወደ ውስጥ አስጠጉት፤ ሁለት ሰው ደግፎ ቀና አደረገው። ያ ሲያሽሟጥጥና ሲያዝዝ የነበረው አፍ ተከፈተ። መምሬ ሥጋውን ሰጡት፤ ዲያቆኑ ደሙን አቀበለው። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ተቀበለ፤ በእታገኝ ነጠላ አፉን ሸፈነ።

ከዚያ መምሬ ቀና ብለው ወደ ሴቶቹ በኩል ተመለከቱ። ማንን እንደሚፈልጉ ታውቃለች። ጾማ ነው የመጣችው፤ ማንም ሊከለክላት አይችልም። ሁለት እርምጃ ነበር የቀረው። እታገኝ ፊቷን አዙራ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ ሴቶቹን እየገፋች ወጣች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ወይራ ሥር ቆማ እስኪበቃት ድረስ በንዴት አለቀሰች። ይህ ሁሉ ዘመን ምን ነበር? ጾሙ ዋጋ ከሌለው፣ የተራበችው ለምንድን ነው? እሱ ሲበላ የኖረውስ?

ሰዉ ሁሉ ፈንታሁን በዚያው ሳምንት ይሞታል ብሎ ነበር። አልሞተም። ይባስ ብሎ እብጠቱ ቀነሰ፤ በመስቀል በዱላ እየተደገፈ ደጅ መቀመጥ ጀመረ። ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። ማዘዙን ትቷል፤ ጨው የሌለው ሽሮም ዝም ብሎ ይበላል። እታገኝ በዚህም ተናደደች፤ ሲያዝዛት የምትለው ነገር ነበራት።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ጥጥ ስትባዝት እሱ ከጎኗ ፀሐይ እየሞቀ፣ ሳትጠይቀው ተናገረ።

«መልእክትሽ ደርሶኝ ነበር።»

እታገኝ ጥጡን ጭኗ ላይ አኖረች።

«በማግሥቱ በቅሎ ጭኜ ተነሣሁ። እስከ ጸላሪ ወንዝ መጣሁ።»

«ወንዙ ሞልቶ ነበር?» አለችው። አዎ ቢላት ለመቀበል ዝግጁ ነበረች፤ እንዲያውም አዎ እንዲላት ፈለገች።

«አልሞላም ነበር። ጉልበት አይደርስም። ወንዙ ዳር ተቀምጬ ዋልኩ። ፊትሽን ማየት ፈራሁ። ከዚያ ተመለስኩ።» ሳል ያዘው፤ እስኪለቀው ጠበቀች። «ምክንያት የለኝም እታገኝ። ለመምሬም እንዲህ ነው ያልኳቸው፤ ምክንያት የለኝም። ይቅር በዪኝ ለማለትም አፍ የለኝም። ግን በዪኝ።»

ቢዋሽ ኖሮ ይሻላት ነበር። ውሸቱን ይዛ ትጣላው ነበር። ለእውነት ምን ይመለስለታል? ልትጮህበት ፈለገች፤ ልትነሣና ልትሄድ ፈለገች። ጥጡን ሰብስባ ከጎኗ አስቀመጠች።

«ጓዳ የተቀመጠችው ሽሮ ትቀዘቅዛለች» አለች በመጨረሻ። «ተነሥና ብላ።»

ከመጣ ጀምሮ በ«አንተ» ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። ፈንታሁን ሰማ። ዱላውን ይዞ ተነሣ።

በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ከቅዳሴ ስትመለስ ሞቶ አገኘችው። በዚያው ነጠላ ገነዙት፤ አጠገቧ ቦታ ነበርና በአገኘሁሽ ጎን ተቀበረ። ቦታውን ያሳየችው እታገኝ ናት።

ከቀብሩ በኋላ ሕይወቷ ወደ ነበረበት የሚመለስ መስሏት ነበር። ጾሙን አጠበቀች። ነገር ግን በስድሳ ዓመተ ምሕረት ሆዷን ያዛት፤ ቁርጠት፣ ማቃጠል፣ አንድ ቀን ደግሞ ደም አስታወከችና ወደቀች። እማዋይሽ ያዘለቻት ያህል እየጎተተች ክሊኒክ አደረሰቻት። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣው ድሬሰር መረመራትና «እማማ፣ ጨጓራዎ ቆስሏል። ጠዋት ጠዋት ሳይበሉ እንዳይውሉ» አላት።

«ዓቢይ ጾም ነው እኮ ልጄ።»

«ጨጓራዎ አያውቀውም።»

ድሬሰሩን ንቃ ወደ መምሬ ሄደች፤ መምሬ እንደሚያጸኗት እርግጠኛ ነበረች። እሳቸው ግን ሰምተው ሳይጨርሱ «ብዪ። ፈትቼሻለሁ» አሉ።

«ጽጌውን?»

«ሁሉንም።»

«አባቴ፣ ጾሙን ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል? ምን ይዤ ነው የምቀርበው?»

«ባዶ እጅሽን» አሉ መምሬ። ከዚያ ንዴቷን አይተው መሸሽ ያዙ።

ያ ዓመት ለእታገኝ ከረሃብ የከፋ ነበር። ጠዋት በሩን ዘግታ፣ ድስቱ ኳ እንዳይል ክዳኑን በጨርቅ ይዛ፣ የገብስ አጥሚት ትጠጣለች። እንደ ሌባ! በስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዓቢይ ጾም አንድ ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን እማዋይሽ እሳት ልትጭር በሩን ገፍታ ገባች። እታገኝ አጥሚቱ አፏ ላይ ነበር። አሁን በሰፈሩ ሁሉ ልታወራብኝ ነው ብላ ጠበቀች። እሷ ብትሆን ታወራ ነበርና።

እማዋይሽ ግን መደቡ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ተረፈሽ?» አለች።

እታገኝ ቀዳችላት። እማዋይሽ ጠጣች፤ አፏን ጠረገች።

«ስኳር አለብኝ፤ ድሬሰሩ ከነገረኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ» አለች። «ከዚያ በፊትም ልጆቼን ሳጠባ ራሴ ይዞር ነበር። መምሬ ያውቃሉ። አንቺን ነበር የምፈራው። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር እታገኝ ሰማችኝ እያልኩ ስሸማቀቅ ኖርኩ። እግዚአብሔርን እንኳ ያን ያህል አልፈራሁትም።»

ይህን ብላ ሳቀች፤ እሳቷን ጭራ ሄደች። እታገኝ ባዶውን ጽዋ ይዛ ተቀመጠች። ስንት ጊዜ ነው ያን የክዳን ድምፅ እየሰማች የፈረደችው? ስንት ጊዜ? የሰው ስብራት በግድግዳ በኩል ስታዳምጥ ኖራ ጽድቅ ይመስላት ነበር። ቁጣዋ መጣ፤ እንደ ልማዷ የምታሳርፍበት ሰው ፈለገች፤ ከራሷ በቀር ሰው አጣች።

ፍልሰታ ሲያዝ መምሬን በቅጥሩ በር የጠበቀቻቸው እሷ ነበረች። እሳቸው አርጅተዋል፤ ጆሮአቸውም ከብዷል፤ ንስሐዋን ጮክ ብላ መናገር ነበረባት።

«ፈንታሁን ቄስ ጥሪልኝ ሲለኝ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት» አለች። «ሳይደርሱለት እንዲሞት ፈልጌ ነበር።»

«ሌላስ?»

«ለወራሪ ጣልያን የማይመኙትን ተመኝቼበታለሁ። እማዋይሽንም ስንቃት ኖሬአለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም። የማቀርበውም ነገር የለኝም። ጾሙም የለ፣ ነጠላውም የለ። አሁንማ ጭራሽ አልበቃሁም።»

መምሬ ጆሮአቸውን አስጠግተው የመጨረሻዋን ቃል ሰሙ። «ጎሽ!» አሉ። «ይህን ስጠብቅ ጥርሴ አለቀ። ነገ ነዪ።»

«ነገ? ሳልዘጋጅ?»

«ሴትዮ!» ብለው ጮኹ መምሬ፤ የቀረውን በኽምጣኛ ነው የጨረሱት፤ የቄስ አፍ ነውና እዚህ አይጻፍም።

በማግሥቱ ዝናብ ነበር። እታገኝ ሰም የነካውን የዘወትር ነጠላዋን ለብሳ፣ ጭቃ እየረገጠች ደረሰች። እንዳሰበችው አልሆነም። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ አንዲት ወፍራም ሴት እግሯን ረገጠቻት፤ ሆዷ ያቃጥላታል፤ ስለ ሴትዮዋ ክፉ ነገር አሰበች፣ ማሰቧም አናደዳት። በዚህ መካከል ተራዋ ደረሰ። መምሬ ቆመዋል። እታገኝ አፏን ከፈተች፤ ተሰጣት።

ቅዳሴው ሲያበቃ ጠበል ጠጥታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ውጭ ዝናቡ ቆሞ ነበር። አንድ ታላቅ ነገር ይሰማኛል ብላ ስትጠብቅ የኖረችው ለዚህ ቀን ነበር፤ የተሰማት ግን እንደዚያ አልነበረም። ቀልሏት ነበር፤ ሸክም አውርዶ ገና ጀርባው ያልለመደ ሰው እንደሚሰማው። እማዋይሽ ጎን ለጎን እየሄደች «እህ? እንዴት ነው? ንገሪኝ እንጂ!» እያለች ትነዘንዛታለች። የቆረበ ሰው አፉን ሸፍኖ ይሄዳል እንጂ በመንገድ እንደማያወራ እያወቀች! እታገኝ በዓይኗ ገላመጠቻት፤ እማዋይሽ ግን መጠየቋን አልተወችም።

ቤት ሲደርሱ እታገኝ ራባት። የምር ራባት፤ እንደ ልጅ። እማዋይሽ በጠዋት ያዘጋጀችው የሱፍ ፍትፍት ነበር፤ አቀረበችላት። እታገኝ ገበታው ላይ ቁጭ ብላ፣ በሩን ሳትዘጋ፣ ማን አየኝ ሳትል፣ በላች።